የቀኝ ተከላካዩ ሽማግሌዎች

ጀርመኑ አዛውንት እኔን ያስቀሩኝ ለክንዴ ብርታት መስሎኝ ነበር። አስታማሚ የሚልከው ኤጀንሲ ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ልኮላቸው ሁለቱንም በሳምንት ውስጥ አባረዋል። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለው አፓርታማቸው የገባሁ ዕለት፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ከበሩ እስከ መስኮቱ እያነከስኩ ስሄድ በዓይናቸው ተከተሉኝ።

«ማን ነው የሰበረህ?» አሉኝ።

«ኳስ ስጫወት ነው።»

«ምን ስትጫወት አላልኩህም። ማን ነው?»

«አንድ ተከላካይ።»

«አንተስ የት ነበርክ የምትጫወተው?»

«የግራ ክንፍ።»

ከዚያ የሻወሩን በር በጣታቸው አሳዩኝ። ሥራ የጀመርኩት እንዲህ ነው።

ስለ እግሬ አሁኑኑ ልናገርና ልገላገል። በሃያ አራት ዓመቴ ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን እጫወት ነበር። ውሉን የፈረምኩት በአውራ ጣቴ ነው፤ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። የሌላ ፋብሪካ ቡድን ተከላካይ ኳሱ ከሄደ በኋላ መጥቶ እግሬን ሁለት ቦታ ሰበረው። ሆስፒታል ውስጥ በጄሶ ታስሬ ወራት ተኛሁ። የቡድን ጓደኞቼ እየመጡ ጄሶው ላይ በእስክሪብቶ ይጽፉና ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን እንደጻፉ ግን አላውቅም። አጠገቤ የተኛው፣ ከጣሪያ የወደቀ አናጢ፣ አንድ ቀን ሰለቸውና «በገዛ እግርህ ላይ የተጻፈውን እንኳ አታነብም?» ብሎ ሰደበኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ ከዚያው ከጄሶው ላይ፣ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት እየወረደ። ማንበብ ስችል መጀመሪያ ያደረግሁት የሰበረኝን ሰው ስም መፈለግ ነው። ምናልባት ተኝቼ ሳለ መጥቶ ይሆናል ብዬ። የሁሉም ስም ነበረ፤ የበረኛው፣ የአሰልጣኙ፣ የውሃ አቀባዩ ሳይቀር። የእሱ አልነበረም።

ያ ሰው አሁን ስካይላይን ነው የሚኖረው፤ እዚያ ረጃጅሙ ሕንፃ ውስጥ። እኔ አሌክሳንድሪያ ነኝ። በመኪና ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከብኝ። ሁለቱንም ጊዜ በር ላይ አቁሜ መለስኳቸው።

ወደ ጀርመኑ ልመለስ። ሰማንያ አምስት አልፏቸዋል። ልባቸው ደክሞ ነበርና የልባቸው ቫልቭ ሊቀየር ለሰርጀሪ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ሐኪሙ ከማደንዘዣው ላይነቁ እንደሚችሉ አልደበቃቸውም። በመጀመሪያው ሳምንት ሳጥባቸው፣ ሁለቱ ጉልበቶቻቸው ላይ ከቆዳው ሥር የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ጥቁር ነገር አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ በስፖንጅ አሸሁት።

«ተወው፣ አይለቅም» አሉ። «የከሰል አመድ ነው። ሜዳችን ሣር አልነበረውም። ስትወድቅ እንደዚህ አብሮህ ይቀራል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ፣ ውሃው እየወረደባቸው፣ አንዳንድ ጨዋታ ይነግሩኝ ጀመር። የአንድ ዓመት ውድድር ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ። ጀርመን ያኔ እንደ ዛሬው አንድ የሀገር ሊግ አልነበራትም። ደቡቡ ለብቻው፣ ሰሜኑ ለብቻው፣ ምዕራቡ ለብቻው ሊግ ነበረው፤ ከዚያ በላይ ሊግ የለም። ዓመቱ ሲያልቅ የየአካባቢው አሸናፊዎች ተገናኝተው ለዋንጫ ይጫወታሉ። የእሳቸው ቡድን ምዕራብ ነው፣ የከሰል ማዕድን አገር፤ ከታች ገና የወጣ የትንሽ ከተማ ቡድን። አሥራ ስድስት ቡድን፣ ሠላሳ ጨዋታ፤ መጨረሻ የወጡት ሁለቱ ይወርዳሉ። ተጫዋቾቹ ሁሉ የቀን ሥራ ነበራቸው። በረኛው ዳቦ ጋጋሪ ነው። እሳቸው ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ ለቅመው ጋዜጣ የሚደረድሩ። ይህን ሲነግሩኝ ቀናሁ፤ አልዋሽም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ በአውራ ጣት ነበር የምፈርመው።

«ዝናብ ሲዘንብ ኳሱ ድንጋይ ይሆናል» ይሉኛል። «በጭንቅላት የመታ ሰው ማታ እራቱ አይታየውም።»

«ቀይሩኝ አይልም?»

«ምን መቀየር! ቅያሪ የሚባል ነገር አልነበረም። የተጎዳ ሰው ክንፍ ላይ ሄዶ በአንድ እግሩ ይቆማል። ያንን ካልቻለ ቡድኑ በአሥር ይጫወታል።»

ኳስ የተጫወተ ሰው ይህን ሰምቶ አይተውም። ሳልወድ በግዴ የዚያች የከሰል ከተማ ደጋፊ ሆንኩ። ወደ አሌክሳንድሪያ ስመለስ ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ በትንሽዬ ደብተር ላይ ደረጃቸውን እጽፋለሁ። ያኔ ማሸነፍ ሁለት ነጥብ ነው። በሃያ አራተኛው ጨዋታ ከመጨረሻ ሦስተኛ ነበሩ፤ ማለት አንድ እግራቸው ታች፣ አንድ እግራቸው ላይ።

ከዚያ በኋላ አዛውንቱ መንገሩን አዘገዩ። አንድ ቀን «ዛሬ ራሴን አሞኛል» ይላሉ፣ ሌላ ቀን ውሃው በዛ ይላሉ። ሃያ ዘጠነኛውን በግማሽ አቋረጡት። ለሰርጀሪው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ፣ ቀኝ እግራቸውን ይዤ ሳጥብ ሠላሳኛው መጣ።

ጨዋታው በገዛ ሜዳቸው ነው። የመጣው ቡድን ከእነሱ በአንድ ነጥብ ያንሳል። አቻ ከወጡ እነሱ ሊጉ ውስጥ ይቀራሉ፣ ያኛው ይወርዳል። ያኛው ቡድን አንድ የግራ ክንፍ ነበረው፤ ትልልቅ ቡድኖች ሰው እየላኩ የሚያዩት ፈጣን ልጅ።

«አሰልጣኙ ትከሻዬን ያዘኝ» አሉ። «"ከእረፍት በኋላ ያንን ሰው ሜዳ ላይ እንዳላየው" አለኝ። ሁለት ጊዜ አለፈኝ። በሦስተኛው ኳሱን ተውኩትና እግሩን መታሁ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። አሥር ሆነው ጨረሱ። ባዶ ለባዶ። እኔን ሕዝቡ በትከሻው ተሸክሞ ከሜዳ አወጣኝ።»

«ሰውየውስ?»

«ዳግመኛ በዚያ ሊግ አልተጫወተም።»

የአዛውንቱ እግር እጄ ላይ ነበር። በየትኛው እግሩ እንደሰበረው አልጠየቅሁትም። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን እስከዚያች ደቂቃ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አንተ ሆነ።

ውሃውን ዘጋሁት።

«አሁን በል» አለኝ።

«ምን ልበል?»

«ይቅር ብዬሃለሁ በለኝ። አንተም የግራ ክንፍ ነህ፣ አንተንም ተከላካይ ነው የሰበረህ። ስለ እሱ ሆነህ በለኝ።»

ያኔ ገባኝ። ሁለቱን አባርሮ እኔን ያስቀረኝ ለክንዴ አይደለም። ለእግሬ ነው። ሠላሳውንም ጨዋታ በየጠዋቱ እየቆነጠረ ያጎረሰኝ ለዚህች ቃል ሊያደርሰኝ ነው።

«እኔን አልሰበርከኝም» አልኩት። «እኔ ምን አገባኝ? የሰበርከው ሰው ሞቷል?»

«አልሞተም።»

«ታዲያ ደውልለት።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ እንጃ። እኛ አገር የበደለ ሰው መጀመሪያ ራሱ አይሄድም። ሽማግሌ ይልካል።»

«ከእኔ የባሰ ሽማግሌ ከየት አመጣለሁ?» አለና ሊስቅ ሞከረ። እኔ አልሳቅሁም። ካልሲውን አጠለቅሁለት።

የሰውየውን ስልክ ቁጥር ለዓመታት ይዞታል። ያኔ የቡድኑ አምበል የነበረ ሰው በደብዳቤ የላከለት ነው፤ የጋዜጣ ቁራጮች የለጠፈበት አልበም መጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ ተጽፏል። እንቅልፍ ሲወስደው ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። የሰው ዕቃ የነካ ከሥራ ይባረራል፤ ኤጀንሲው ሲቀጥረኝ ያስፈረመኝ የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ለምን እንደገለበጥኩት ዛሬም በቅጡ አላውቅም። አዝኜለት አይደለም።

ለእርቅ የሚሄድ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ ቢያንስ ሦስት ይሆናል። አንዱ እኔ። ሁለተኛው እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ የፓርኪንግ ጋራዥ የሚሠራ ወዳጄ፤ ነገሩን ስነግረው «ለፈረንጅ ሽማግሌ? በቃ አሜሪካ ጨርሶ አሳበደህ» አለና እሺ አለ። ሦስተኛው አስቸጋሪ ነበር። ታኮማ ፓርክ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በታክሲ የጨረሱ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው። በእርቅ ነገር እሳቸውን የሚያህል የለም። ችግሩ፣ ያ የሰበረኝ ሰው ሁለት ጊዜ የላከብኝም እሳቸውን ነው።

ኮል አደረግኩላቸው።

«ማን ልበል? በር ላይ ያቆመኝ ሰውዬ ነህ?»

«ነኝ፣ ሐጂ።»

«በረዶ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ነበር።»

«አውቃለሁ ሐጂ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እሺ፣ አሁን ደግሞ ከማን ተጣላህ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ለሰባሪው ነው የምንለምነው?»

«አዎ።»

«አንተ? ቆመህ?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ይህንንማ በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

በማግስቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት ጋራዡ ጣሪያ ላይ ተገናኘን። ጀርመን ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ስልኩን የሐጂ መኪና ኮፈን ላይ አስቀምጬ ስፒከር አደረግኩት። የጋራዡ ወዳጄ የመኪናው የፊት መከላከያ ብረት ላይ ቁጭ አለ።

«ተነስ!» አሉት ሐጂ። «ጉዳዩ ሳያልቅ ሽማግሌ ይቀመጣል?»

«ሐጂ፣ በስልክ እኮ ነው። ማን ያየናል?»

«እኔ አይሃለሁ።»

ተነሳ። ደወልኩ። ሴት አነሳች፤ የሰውየው ልጅ ናት፣ እንግሊዝኛ ትችላለች። ሐጂ በክርናቸው ጎሸሙኝ። «በወጉ ጀምር፣ ሰላምታ።» ጤንነቷን ጠየቅኋት፣ የቤተሰቡን ጠየቅኋት፣ ስላገኘናት ፈጣሪን አመሰገንኩ።

«ምንድን ነው የምትሸጡት?» አለች።

«ምንም አንሸጥም። ሦስት ሰዎች ነን። ቆመናል። አባትሽ እሺ እስኪሉን አንቀመጥም።»

ስልኩ ተዘጋ።

ወዳጄ ራሱን ያዘ። «አንተ ሰው፣ ወንበዴ አስመሰልከን እኮ!»

«እውነቱን ነው የነገራት» አሉ ሐጂ።

«እሱ ነው ያስደነገጣት፣ ሐጂ!»

ሁለተኛ ስደውል ሰላምታውን ተውኩት። የሁለቱን ቡድኖች ስም ጠራሁ፣ የመጨረሻውን ጨዋታ ጠራሁ፣ «የምንደውለው ስለ ቀኝ ተከላካዩ ነው» አልኩ። ከዚያ አባቷን ጠራች። የሰውየው እርምጃ በስልኩ መጣ፤ አንዱ ከበድ፣ አንዱ ቀለል፣ መሐሉ ላይ የከዘራ ድምፅ። ያንን አረማመድ አውቀዋለሁ። የራሴ ነው።

እሱ በጀርመንኛ ይናገራል፣ ልጁ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። ተከላካዩ በሕይወት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ አልነው፣ የዛሬ ሳምንት ልቡን ሰርጀሪ ይደረጋል። ይቅርታ ነው የሚፈልገው? አዎ።

«አባቴ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ ይላል» አለች። «አሰልጣኙ ነው ያዘዘው ወይስ ከራሱ ነው?»

አውቃለሁ፤ አሰልጣኙ ነው። አፌን ስከፍት ሐጂ መዳፋቸውን ስልኩ ላይ ጫኑ።

«እዚያ ነበርክ?»

«አልነበርኩም። ግን ነግሮኛል።»

«ልትለምንለት መጣህ እንጂ ልትመሰክርለት አልመጣህም። ራሱ ይመልስ።»

በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደምንደውል ነገርናት። «አባቴ ስልኩ አጠገብ ይጠብቃል» አለች።

ጥያቄው ለምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም። ዕድሜዬን ሙሉ እኔም የምጠይቀው ያንኑ ነው። ታዝዞ ከሆነ እኔን አላየኝም፤ ያየው ቁጥሬን ነው። ከራሱ ከሆነ ግን ፊቴን አይቶ ነው።

ለጀርመኑ ስነግረው ፊቱ ቀላ።

«ማን ፈቀደልህ? አልበሜን ማን ክፈት አለህ?» የኤጀንሲውን ስልክ ሊደውል መነጽሩን ፈለገ። መነጽሩን አንስቼ ሰጠሁትና አጠገቡ ቆምኩ። ይደውል። ሁለት ቁጥር ነካ።

«የጠየቀህ አንድ ነገር ነው» አልኩት። «አሰልጣኙ ነው ወይስ አንተ?»

ጣቱ ቆመ።

«አሰልጣኙ ሞቷል አይደል?» ቀጠልኩ። «እሱ አዘዘኝ ብትል የሚያጣራ የለም። እኔም ሰምቻለሁ እላለሁ።»

እየፈተንኩት ነበር። እንዲዋሽ አልፈለግሁም። ይቅርታ እንዲያገኝም አልፈለግሁም። ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ዞረ። ታች አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፣ ሄደ፣ ሌላ መጣ።

«"አትራቀው" ነው ያለኝ» አለ። «"ከጎኑ አትራቀው።" ይኸው ነው ያለኝ።»

«ለእኔ ግን...»

«ለሁሉም እንደዚያ ነው ያልኩት። ለሚስቴም። ስልሳ ዓመት ሟቹን ሰውዬ ጥፋቴን አሸክሜዋለሁ።»

«ለምን ሰበርከው ታዲያ?»

«ሁለት ጊዜ ሲያልፈኝ ሕዝቡ ሳቀ» አለ። «የእኛ ሕዝብ። የገዛ ሜዳዬ ላይ።»

አርብ ዕለት ሐጂና ወዳጄ አፓርታማው ድረስ መጡ። ጀርመኑ ወንበር አሳያቸው። ሐጂ ደረታቸውን በእጃቸው ነክተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ ወዳጄም ሳይነገረው ቆመ።

«ሰውዬው ለምን አይቀመጡም?» አለኝ።

«ስለ አንተ ነው የቆሙት።»

ሐጂን ከላይ እስከ ታች አያቸው። ሳላግዘው ተደግፎ የሚሄድበትን ዋከር ጎትቶ፣ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ። ያ ልብ ይህን ሁሉ መሸከም አልነበረበትም። ከጀርባው አንድ እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ፤ በሌላው ደወልኩለት።

በጀርመንኛ ተናገረ፤ አጭር ነበር። ወዳጄ ከንፈሩን ይነክሳል፤ የሐጂ መቁጠሪያ ጣታቸው ላይ ቆሟል። ስልኩ ተቋርጧል ብዬ እጄን ስሰድ የሰውየው ድምፅ መጣ፤ እሱም አጭር ነበር። ጀርመኑ ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ስልኩን ራሱ ዘጋው።

«ምን አለህ?»

«"አውቅ ነበር" አለኝ። "ስትመጣ ፊትህን አይቼዋለሁ። ሳትሞት የምትናገር መሆንህን ነው ማወቅ የፈለግሁት" አለኝ።»

«ይቅር አለህ?»

«አላለም። "ከሰርጀሪው ከነቃህ ደውል፣ ያኔ እነግርሃለሁ" አለኝ።» እዚህ ላይ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረና ይዤ አስቀመጥኩት።

ለሐጂ ተረጎምኩላቸው።

«ቀጠሮ ሰጠ፤ እሺ ማለት ነው» አሉ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሰርጀሪው ሐሙስ ነበር። አርብ ቀትር ላይ ነቁ። አፋቸው ደርቆ መናገር አቅቷቸው፣ አውራ ጣታቸውንና ትንሿን ጣታቸውን ዘርግተው ጆሯቸው ጋ አደረጉ። ደወልኩና ስልኩን ያዝኩላቸው። ያኛው ሰው ተናገረ። ምን እንዳለ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ፊታቸው ሲፈታ ግን አይቻለሁ።

ሐጂ በመኪናቸው ወደ አሌክሳንድሪያ መለሱኝ። መንገድ ላይ ብዙ አልተናገሩም። የስካይላይን ሕንፃዎች ከሩቅ ሲታዩ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለሦስተኛ ጊዜ ልምጣብህ?»

«አይምጡ ሐጂ። አንድ ወረቀት ያድርሱልኝ።»

ከደብተሬ፣ የዚያችን የከሰል ከተማ ነጥብ ከምጽፍበት፣ አንድ ቅጠል ቀድጄ ጻፍኩ፦ «ታዝዘህ ነው ወይስ ከራስህ?» ሐጂ ቀይ መብራት ላይ አነበቡት።

«ይቅር ብሎሃል ልበለው?»

«አላልኩም። ጥያቄ ነው።»

«እሺ» አሉ። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ቤቴ በር ላይ አውርደውኝ መኪናውን ወደ ስካይላይን አዞሩ። ገብቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ወንበሩ አጠገቤ ነበር፣ እግሬም ከጠዋት ጀምሮ ሲጠዘጥዘኝ ነው የዋለው። መልሱ እስኪመጣ ስልኬን ይዤ ቆምኩ።